ከንቲባን ማን ያወርደዋል?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ስለ አዲስ አበባ ከንቲባ ወሬ ሲነሳ፣ ታክሲ ውስጥም ይሁን ቡና ላይ፣ ክርክሩ ቶሎ ብሎ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። «ሰውየው ማን ነው? ከየት መጣ? የማን ወገን ነው?» ደጋፊው የተሠራውን መንገድና መናፈሻ ይቆጥራል። ተቃዋሚው የፈረሰውን ቤት ይቆጥራል። ሁለቱም ተጯጩኸው ሲለያዩ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፦ ከንቲባው ካላስደሰተን ማን ነው የሚያወርደው?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በፊት የማስቀምጠው በቀላል ምክንያት ነው። ሹመኛ ፊቱን የሚያዞረው ሊያወርደው ወደሚችለው ሰው ነው። ሹመቱን የሚነጥቀው ቤተ መንግሥት ከሆነ ዓይኑ ከቤተ መንግሥት አይነሳም። የሚነጥቀው ነዋሪው ከሆነ የነዋሪውን ፊት ያነባል። የቀረው የጠባይ ጉዳይ ነው፤ ደግ ሹም አለ፣ ክፉ ሹም አለ። ከተማ ደግሞ በጠባይ ዕጣ መተዳደር የለባትም።

አዲስ አበባ ከንቲባ ካላት ከ110 ዓመት በላይ ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ንጉሥ ወርዷል፣ ደርግ ወድቋል፣ ኢሕአዴግ መጥቶ ስሙን ቀይሯል። አንድ ነገር ግን ከሞላ ጎደል ሳይነካ ቆይቷል፤ ከንቲባው ከላይ ይመጣል፣ ወደ ላይም ይመለሳል። ታሪኩን ትንሽ ላውራችሁ።

ቃሉ ከእኛ አገር ነው

እኔ የጃናሞራ ልጅ ነኝ። ለማታውቁት፣ ከደባርቅ ተነስታችሁ በሳንቃበር በኩል የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጣችሁ የምትደርሱበት፣ ገብስ የሚበቅልበት ውርጫም አገር ነው። የወረዳው ከተማ መካነ ብርሃን ይባላል። በልጅነቴ መንግሥት ማለት ለእኛ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። ከንቲባ የሚባል ሰው አይተን አናውቅም። ቃሉን ግን እናውቀዋለን። እናቴ፣ ከብት አግድ ሲሉት ታናሹን ልኮ እሱ የሚተኛ ልጅ ስታይ «አንተ ደግሞ የጎንደር ከንቲባ ሆንህ?» ትል ነበር። ለእሷ ከንቲባ ማለት ሳይሠራ የሚያዝዝ ሰው ነው።

አባባሏ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ብዙ ዘመን በፊት የደንቢያና የጎንደር ገዢዎች መጠሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለ ደንቢያ ከንቲባ ጽፏል። ቃሉ ወደ ሰሜንም ተሻግሮ ነበር፤ በኤርትራ ሳህል የሚኖሩት ሐባቦች አለቃቸውን «ከንቲባይ» ይሉታል።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በአፄ ፋሲል ከተቆረቆረች ጀምሮ የመናገሻ ከተማ ነበረች። የመናገሻ ከተማ ከንቲባ ደግሞ የንጉሡ ሰው ነው። ግብር ይሰበስባል፣ ሥርዓት ያስከብራል፣ የሚጠየቀውም በግቢው ነው። የከተማው ሰው ሲከፋው አቤት የሚለው ወደ ንጉሡ እንጂ ወደ ከንቲባው ወንበር አልነበረም። ያም ሆኖ የጎንደር ሹም ሥልጣን ወሰን ነበረው። እጨጌ ቤት በሚባለው ሰፈር ገብቶ የተጠጋን ሰው፣ ወንጀለኛ እንኳ ቢሆን፣ ጎትቶ ማውጣት ነውር ነበር። የሹሙን ክንድ የሚይዘው ግን ሃይማኖትና ልማድ ነበር እንጂ የነዋሪው ድምፅ አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፤ አዲስ አበባ ከጎንደር ስትወርስ ማዕረጉን ወሰደች፣ ወሰኑን ግን አልወሰደችም።

ከሰፈር ወደ ማዘጋጃ ቤት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የጦር ሰፈር ነበረች ማለት ይቻላል። ቤተ መንግሥቱ መሃል ላይ፣ መኳንንቱ ደግሞ ከነሠራዊታቸው ዙሪያውን በየኮረብታው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር እያልን እስከ ቅርብ ጊዜ የምንጠራቸው ስሞች የዚያ ዘመን ማህተም ናቸው። እያንዳንዱ ሰፈር ጌታ ነበረው፤ ከተማዋ ግን የጋራ ሹም አልነበራትም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1902 ዓ.ም. ግድም፣ ከተማዋ ማዘጋጃ ቤትና ከንቲባ አገኘች። የመጀመሪያው ከንቲባ ተብለው የሚታወቁት ወልደ ጻድቅ ጎሹ ናቸው። ኋላ ቢትወደድ ተብለው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጎሬ ላይ የቀረውን መንግሥት እንዲመሩ አደራ የተጣለባቸው እኚሁ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤቱን ከመሩት መካከል ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አሉበት። በኦጋዴን ግንባር ጦር የመሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤልም ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ከንቲባ ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ግድም ወንበሩን የያዙት ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ደግሞ ኋላ ስለ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የጻፉ የታሪክ ምሁር ናቸው።

ስም የምደረድረው እንዲሁ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ተራ ሹመኞች አልነበሩም። ደራሲ፣ የጦር መሪ፣ ምሁር ናቸው። ከተማዋ የሰው ችግር አልነበረባትም። የነበረባት የገመድ ችግር ነው፤ ሹሙን ከነዋሪው ጋር የሚያስር ገመድ አልነበረም።

ለዚህ ከደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ታከለ ከወረራው በፊትም ከነፃነት በኋላም የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል። በ1928 ዓ.ም. ንጉሡ ከአገር መውጣታቸውን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ፤ አምስቱን ዓመት በአርበኝነት ተዋግተዋል። ከድል በኋላ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው እየታሰሩ፣ እየተፈቱ፣ እንደገና እየተሾሙ ኖሩ። በመጨረሻም በ1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ ሰዎች ጋር ቤታቸው ውስጥ ተታኩሰው ሞቱ። እንዲህ ያለ ደፋር ሰው ከንቲባ ነበር። ነገር ግን ሲሾሙም ሲሻሩም የከተማዋን ሕዝብ የጠየቀ የለም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር፣ ደፋር ከንቲባም ቢሆን ድፍረቱ የግሉ ነው።

ሕጉን እንይ ካላችሁ፣ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ስለ ማዘጋጃ ቤቶች ይደነግጋል። በዚያ አዋጅ አዲስ አበባና ጎንደር ብቻ ከሌሎቹ ከተሞች ከፍ ባለ ደረጃ ተቀመጡ፤ ከንቲባ የሚባል ሹም ያላቸውም እነሱ ሆኑ። የድሮዋ መናገሻና የአዲሷ መናገሻ በአንድ መደብ ገቡ ማለት ነው። አዋጁ ምክር ቤት እንዲኖር ይፈቅዳል፤ የተመራጭነት መብቱ ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ላላቸው ነበር። ከንቲባውን የሚሾመው ንጉሡ ነው። ተከራይ፣ ሎሌ፣ ጉሊት የምትቸረችር እናት በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም። ፒያሳ ላይ ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1950ዎቹ የተሠራው ትልቁ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሲመረቅ፣ ሕንፃው በአፍሪካ ደረጃ የሚያኮራ ነበር። ውስጡ ግን የሚገባው ነዋሪ ጉዳይ ሊያስፈጽም እንጂ ሹም ሊመርጥ አልነበረም።

ቀበሌ፦ የተሰጠውና የተወሰደው

በደርግ ጊዜ የሆነውን ነገር በአንድ ቀለም መቀባት ይከብደኛል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራይ ተቀነሰ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርም ተቋቋመ። ቀበሌ የምንለው የዚያን ቀን ተወለደ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 104 ወጥቶ ቀበሌው ወደ ከፍተኛ፣ ከፍተኛው ወደ ከተማ አቀፍ ማኅበር እንዲያድግ አደረገ። ከንቲባው በዚህ መሰላል በኩል እንዲመረጥ ተደነገገ። ዶክተር ዓለሙ አበበ በዚህ መንገድ ከንቲባ ሆኑ።

በወረቀት ሲታይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤት የሌለው ተከራይ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አውጥቶ የሰፈሩን ሹም መረጠ። አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። ያንን የመጀመሪያ ምርጫ ሲያስታውሱ ፊታቸው ይበራ ነበር። በሰው ቤት በሠራተኝነት ሲኖሩ ስማቸውን የጠየቃቸው ባለሥልጣን አልነበረም። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን ተነስተው ተናገሩ፣ ተጨበጨበላቸው። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲያመጣ ወረፋውን ያስከብሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። ቀበሌው ዘብ ያዘ፣ ጠመንጃ ያዘ። በቀይ ሽብር ጊዜ የሰፈሩን ልጆች ስም የያዘ ዝርዝር ከቀበሌ ቢሮ ይወጣል። እጃቸውን አውጥተው የመረጡት ሰው ሌሊት በር ሲያንኳኳ የሚከፈትለት በፍርሃት ሆነ። «ልጄ፣ መምረጥ እንዳለ አየን፤ ማውረድ ግን አልተሰጠንም» አሉኝ አንድ ቀን። ብዙ የፖለቲካ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ የዚህን ያህል የገባኝ የለም።

የቀበሌ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንን ይመስለኛል። ወደ ታች የወረደ ሥልጣን ሁሉ የሕዝብ ሥልጣን አይደለም። መሰላሉ ከታች ወደ ላይ ተሠርቶ ትእዛዙ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ከሆነ፣ መሰላሉ ለመቆጣጠሪያ ያገለግላል እንጂ ለመውጫ አያገለግልም።

ሕገ መንግሥቱና የ1997 ወንበር

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላቸው ይላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌደራል መንግሥት ነው ይላል። የኦሮሚያ ልዩ ጥቅምም እዚያው ተጠቅሷል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ተብሎ። አንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስት ባለቤት። እስከ ዛሬ የምንጣላባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከዚህ አንቀጽ የሚመነጩ ናቸው።

በ1989 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቻርተር ወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. ተሻሽሎ አዋጅ ቁጥር 361 ሆነ። ከተማዋም በ10 ክፍለ ከተማ ተከፈለች። አቶ ተፈራ ዋልዋ፣ ቀጥሎ አቶ ዓሊ አብዶ ከንቲባ ሆኑ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አቶ አርከበ ዕቁባይ በጊዜያዊ አስተዳደር መጡ። የአርከበን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ኮንዶሚኒየምን ያስታውሳል፤ በየመንገዱ ዳር የተሠሩትን ትናንሽ ሱቆችም ሰው «የአርከበ ሱቅ» ብሎ በስማቸው ጠርቷቸዋል። ሕዝብ ለሹም ስም የሚያወጣው ሲወደውም ሲጠላውም ነው፤ ይኼኛው ከመውደድ የመጣ ነበር።

ታዲያ በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምን ሆነ? ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ሥራው የተመሰገነለት ከንቲባ ፓርቲ በአንድ ቀን ከከተማዋ ተጠረገ። አንዳንዱ ሰው ይህን የነዋሪው ውለታ ቢስነት አድርጎ ያወራዋል። እኔ በሌላ መንገድ ነው የማነበው። ነዋሪው ኮንዶሚኒየሙን አልጠላም። የፈለገው የሚሾመውንና የሚሽረውን ሰው ራሱ መሆን ነበር። በ90 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ማን ያወርዳል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጠ፦ እኔ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን። በምርጫው ውጤት ላይ ውዝግብ ተነሳ፣ ደም ፈሰሰ። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከሌሎች የቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ። ምክር ቤቱ በአሸናፊው ሳይያዝ ቀረ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. አቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመሩት የባለ አደራ አስተዳደር ተሾመ፤ እስከ 2000 ዓ.ም. ቆየ። ስሙን ልብ በሉት፤ ባለ አደራ። አደራውን የሰጠው ግን የምክር ቤቱን ወንበር የሞላው መራጭ አልነበረም።

በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች አልተሳተፉም። አቶ ኩማ ደመቅሳ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ድሪባ ኩማ ከንቲባ ሆኑ። ያ ትውልድ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከ1997 አንድ ትምህርት ይዞ ወጣ፤ ድምፅ ወንበር አያንቀሳቅስም የሚል። ይህ ትምህርት ከማንኛውም የመንገድ ጉድጓድ የበለጠ ከተማዋን ጎድቷታል። ምክንያቱም በድምፁ ተስፋ የቆረጠ ነዋሪ ሁለት ነገር ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ሹሙን ማባበል፣ ወይ ቀኑን ጠብቆ መቃጠል።

ምክትሎቹ

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ያለው የበለጠ ይገርማል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ኢንጂነር ታከለ ኡማ ከተማዋን እንዲመሩ ሲመጡ የምክር ቤቱ አባል አልነበሩም። ቻርተሩ ከንቲባ ከምክር ቤት አባላት መካከል እንዲሆን ይጠይቅ ስለነበር ሕጉ ተሻሻለና «ምክትል ከንቲባ» ተባሉ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ሲተኳቸውም በዚያው በምክትልነት ስም ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ተካሂዶ፣ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ወይዘሮ አዳነች በምክር ቤቱ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ በከተማዋ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ናቸው። በመካከሉ ግን የአፍሪካ መዲና የምንላት፣ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ከሦስት ዓመት በላይ ከንቲባ ሳይኖራት በምክትል ተመራች። ምክትልነቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀም ብዙ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም የምናውቀው ስለሚመስለን።

ስለ ኮሪደር ልማቱ የየራሳችሁ አቋም እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም አለኝ። ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ከተማዋን አስውበዋል፤ ይህን የሚክድ ሰው በማታ ፒያሳ ወጥቶ አላየም። የዓድዋ ድል መታሰቢያም ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ቆሞ ሰው ከነልጆቹ ይሄድበታል። በሌላ በኩል፣ እኔ የተከራየሁበት ግቢ የፈረሰው በጥቂት ቀን ማስታወቂያ ነው። እማማ ከ40 ዓመት በላይ ከኖሩበት ሰፈር ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። ምትክ ቤት አግኝተዋል፤ ከበፊቱ የተሻለ ሽንት ቤትም አለው። ያጡት ዕድራቸውን፣ የንስሐ አባታቸውን፣ በብድር ሽንኩርት የሚሰጣቸውን ባለ ሱቅ ነው። ይህን የከተማዋ ምክር ቤት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቢከራከርበት፣ ምናልባት ውሳኔው ያው ይሆን ነበር። ግን የእሳቸው ስም ያለበት ክርክር ይኖር ነበር። ውበት በትእዛዝም ይሠራል። የጋራ ከተማ ግን ያለ ክርክር አይሠራም።

ነዋሪው ማን ነው?

እዚህ ላይ ራሴን እንደ ምሳሌ ላቅርብ። አዲስ አበባ በቆየሁባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መታወቂያ አልነበረኝም። ለማውጣት ስሄድ ከመጣህበት ወረዳ መሸኛ አምጣ ተባልኩ። ከመካነ ብርሃን ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ደባርቅ፣ ከዚያ የፓርኩን መንገድ ወደ ጃናሞራ። መሸኛውን ይዤ ስመለስ መታወቂያ መስጠት ለጊዜው ቆሟል ተባለ። ስንት ወር እንደጠበቅሁ አላማርርም፤ ከእኔ የባሱ አሉ። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግብር ከፍያለሁ፣ ኪራይ ከፍያለሁ፣ ስለ ከተማዋ ዘግቤአለሁ። ለከተማዋ አስተዳደር ግን አልነበርኩም። ካርድ ለመውሰድ ነዋሪ መሆን፣ ነዋሪ ለመሆን ወረቀት ያስፈልጋል።

በ1937ቱ አዋጅ ንብረት የሌለው ሰው ከስሌቱ ውጭ ነበር። ዛሬ ወረቀት የሌለው ውጭ ነው። በረንዳ የሚያድረው፣ በቀን ሥራ የመጣው የሰሜን ልጅ፣ ከወላይታ መጥቶ ጫማ የሚጠርገው፣ በሰው ቤት የምትሠራዋ ከወሎ የመጣች ልጅ፣ ከተማዋን በእጃቸው የሚያንቀሳቅሷት እነሱ ናቸው። ከንቲባዋን የመጠየቅ መንገድ ግን የላቸውም። «አዲስ አበባ የማን ናት?» የሚለው ክርክር ሲጦፍ እነዚህን ሰዎች የሚያነሳ አለመኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ይህ የእኛ ብቻ እርግማን አይደለም። መንግሥታት ዋና ከተማቸውን ይፈራሉ። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1871ዱ የፓሪስ ኮሙን አመፅ በኋላ ከተማዋ የራሷ ከንቲባ እንዳይኖራት አደረገ፤ ከመቶ ዓመት በላይ መንግሥት በሚሾማቸው ሹሞች ስትመራ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1977 ዣክ ሺራክ ተመረጡ። ፈረንሳይ አልፈረሰችም። ሺራክም ኋላ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለንደንም ብትሆን ነዋሪው በቀጥታ የሚመርጠው ከንቲባ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ናይሮቢ ነው። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የናይሮቢን ገዢ በቀጥታ ይመርጣሉ። ሁለተኛው ገዢ ማይክ ሶንኮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በከተማዋ ምክር ቤት ተከሰው፣ ጉዳዩ ወደ ሴኔት ሄዶ ከሥልጣን ወረዱ። የናይሮቢ መንገድ ከእኛ ይሻላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አይሻልም እላችሁ ይሆናል። ሹም እንዴት እንደሚወርድ ግን ያውቃሉ። በክርክር፣ በድምፅ ቆጠራ፣ በቴሌቪዥን እየታየ ወረደ። እኛ ግን ከንቲባ የሚቀየር መሆኑን የምንሰማው ምሽት ላይ በዜና ነው፤ ምክንያቱን ሳንሰማ «ለሌላ ኃላፊነት ተመድበዋል» እንባላለን።

ከአዲስ አበባ እስከ ደባርቅ

ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚሉ የአገሬ ልጆች ይኖራሉ። ያገባናል። አዲስ አበባ የምትሠራውን ትንንሾቹ ከተሞች ይገለብጣሉ። ደባርቅ ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ከንቲባም አላት። ዳባትም፣ ሌሎቹም የሰሜን ከተሞች እንዲሁ በየጊዜው ሹም ይቀያየርባቸዋል። ሹሙ ሲመጣ ሰው «ሹመት ያዳብር» ይላል፣ ሲሄድ ዝም ይላል። ለምን መጣ፣ ለምን ሄደ የሚል የለም። አዲስ ከንቲባ የሚጀምረው ያለፈው የጀመረውን ትቶ ነው። የውኃ መስመሩ በአንዱ ዘመን ይቆፈራል፣ በሌላው ዘመን ይደፈናል። ያለፈው ሹም ለነዋሪው ቃል ገብቶ ከነበረ፣ ቃሉን የሚጠይቅለት ነዋሪ አልነበረም፤ ፓርቲው ደግሞ አይጠይቅም።

አባቶች «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለዋል። ተረቱን የሌብነት ምክር አድርገን እንስቅበታለን። እኔ ግን የሥርዓት ምርመራ ውጤት ይመስለኛል። መቼ እንደሚሻር የማያውቅ፣ በምን ጥፋት እንደሚሻርም የማያውቅ ሹም ቢቸኩል ምን ይገርማል? የሥራ ዘመኑን የሚያውቅና በሕዝብ ፊት የሚጠየቅ ሹም ግን ነገን ያስባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሰማይ መቧጠጥ አይደለም። አንደኛ፣ ከንቲባ የሚሆነው ሰው ለከተማዋ ነዋሪ አስቀድሞ የታወቀ ዕጩ ይሁን፤ ከምርጫው በኋላ ከሌላ ቦታ አይምጣልን። ሁለተኛ፣ የሥራ ዘመኑ ይታወቅ፤ ከዚያ በፊት ከተነሳ ምክር ቤቱ በግልጽ ተሰብስቦ፣ ምክንያቱ ተነግሮ፣ ድምፅ ተቆጥሮ ይነሳ። ሦስተኛ፣ ነዋሪነት የሚረጋገጥበት መንገድ ሰው በሚኖርበት ቦታ ይለቅ፤ የገጠር ልጅ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ሰው መሆኑን ማስመስከር የለበትም። ይህ ለአዲስ አበባም ለባሕር ዳርም ለደባርቅም ይሠራል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ከንቲባ ክርክር ውስጥ ስትገቡ የሰውየውን የትውልድ አገር ከመጠየቃችሁ በፊት እማማ ያነሱትን ጥያቄ አንሱ። መምረጥ አለ ወይ ብቻ አትበሉ፤ ማውረድስ ተሰጥቶናል ወይ በሉ። መልሱ «አልተሰጠንም» ከሆነ፣ የሚቀጥለው ከንቲባ የእናንተ ወገን ቢሆን እንኳ ብዙ አትደሰቱ። ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ታውቃላችሁና።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ ስድብ የሌለበትን ሁሉ አነባለሁ። ቸር እንሰንብት።